የስንቅነሽን ፍንጭት ፍለጋ ወደ ኮሎምበስ

ከአሜሪካ ከተመለስኩ ወዲህ ፎቶ ቤቴ የሚገባው ሰው ሁሉ ፎቶ ሊነሳ ሳይሆን ወሬ ሊሰማ ነው የሚመጣው። «ጋሽ አስፋው፣ አገሩ እንዴት ነው? ምግቡስ?» ይሉኛል። ለእያንዳንዱ ሳወራ ጉሮሮዬ ስለደረቀ ጽፌ ባስቀምጠው ይሻላል አልኩ። የማይሄድ ሰው ያንብበውና ሄድኩ ይበል። አስቀድሜ ግን ልናዘዝ፤ ይህ ጉዞ የቅናት ጉዞ ነበር። ስለ ቤቱም ስለ መንገዱም የምለው በቀናተኛ ዓይን የታየ ስለሆነ አንባቢ ትንሽ ትንሽ እየቀነሰ ይውሰድልኝ።

የሄድኩበት ጉዳይ ይህ ነው። ባለቤቴ ስንቅነሽ ካረፈች ሰባት ዓመት ሊሞላት ነው። ለሰባተኛ ዓመቷ ሐውልት አሠርቼ ፎቶዋ እንዲቀረጽበት ወስኜ፣ ሐውልት ሠሪው ሰይድ ድንጋዩን አለስልሶ ፎቶውን ብቻ ይጠብቃል። ደሴ ውስጥ የሰው ፊት በማንሳት ሠላሳ አምስት ዓመት የኖርኩ ሰው፣ የገዛ ሚስቴ አንድ ደህና ፎቶ የለኝም። ካሜራ ባነሳሁባት ቁጥር «ወዲያ ሂድ፣ ፊልም አታባክን» እያለች ፊቷን ታዞራለች። ያለችኝ አንዲት ፎቶ ናት። እሷንም ያነሳው እኔ አይደለሁም፤ በዚያን ጊዜ ረዳቴ የነበረው ሙሉጌታ ነው።

በዚያች ፎቶ ላይ ስንቅነሽ ከልቧ ትስቃለች። የፊት ጥርሷ ፍንጭት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዓይኗ ከካሜራው ትንሽ ዘወር ብሏል፣ አጠገቡ የቆመ ሰው የምታይ ይመስላል። ለእኔ ካሜራ እንዲያ ስቃ አታውቅም። ያን ቀን እኔ ኬሚካል ልገዛ ወጥቼ ነበር፤ ሙሉጌታ ምን ቢላት ነው እንዲህ የሳቀችው እያልኩ ፎቶውን ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬ ሃያ ስንት ዓመት ቀንቻለሁ። ሚስቴን ጠርጥሬ አላውቅም፤ የቀናሁት በሳቁ ነው።

ባለፈው ክረምት ጣራው አፈሰሰና ፎቶው ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ ተበላሸ። ኮምፒዩተር ውስጥ አስገብቼው ስለነበር አልደነገጥኩም። ገና እሷ ሳታርፍ ኮምፒዩተሩ ሲሞላብኝ ግን የሠራሁትን ጉድ ስሙ፤ ፎቶዎቹን በስልክ መልእክት ለራሴ እየላክሁ፣ ተጨምቆ የመጣውን ትንሹን አስቀምጬ ትልቁን ደመሰስኩ። በስልክ ላይ ሲታዩ አንድ ስለሆኑ አንድ መሰሉኝ። ስንቅነሽ ስታርፍ ደግሞ ያችው ትንሿ ፎቶ ለቀብሩ፣ ለአርባው፣ ለሙት ዓመቱ ከስልክ ስልክ ስትዞር ከረመች። ለሰይድ ሳሳየው አስፍቶ አየውና «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ፊት ሳይሆን የመታጠቢያ ቤት ንጣፍ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሰፋ ሲል አራት ማዕዘን ብቻ ነው። ኔጌቲቩን ፈለግኩ። ሣጥኑ አለ፣ የዚያ ወር ፖስታ አለ፣ ፖስታው ባዶ ነው።

ሙሉጌታ ዲቪ ደርሶት ኦሃዮ የምትባል ግዛት፣ ኮሎምበስ ከተማ ከገባ ቆይቷል። በስልክ «ልጄ ማህሌት ትመረቃለች፣ መጥተህ ፎቶ አንሳልኝ» አለኝ። ምን እንደተማረች ስጠይቀው «ፎቶ ማሳነስና መልሶ ማምጣት ነገር ነው» አለ። መልሶ ማምጣት የሚለውን ስሰማ ሌላውን አልሰማሁም። ለምርቃቱ ነው የመጣሁት ብዬ፣ የስንቅነሽን ፎቶ የያዘች ፍላሽ ደረት ኪሴ ውስጥ ከትቼ ተነሳሁ። ለሙሉጌታ እርዳኝ ብዬ አፍ አውጥቼ መለመኑ ግን ሞቴ ነበር።

ማክሰኞ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የሚያውቅ ያውቀዋል። ሻንጣዬ ውስጥ ካሜራዬና የሙሉጌታ ባለቤት የጥሩወርቅ እህት የላከችው በርበሬ ነበር። አዲስ አበባ ላይ አንዱ ፈታሽ በርበሬውን አሽትቶ ሦስት ጊዜ አስነጠሰና «አባባ፣ በእግዚአብሔር ይለፉ» ብሎ አሳለፈኝ። አውሮፕላኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ቀበቶዬን አሰረችልኝ፣ ምግቡንም እንዴት እንደሚከፈት አሳየችኝ። ዳቦው ከብርዱ የተነሳ ድንጋይ ነበር።

ረቡዕ

ዋሺንግተን ላይ የጣት አሻራ የሚቀበለው ፖሊስ አቆየኝ። የግራ አውራ ጣቴ ጫፍ የለውም፤ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛ ዓመቴ የወረቀት መቁረጫው በልቶታል። ማሽኑ ደጋግሞ ጮኸ። ፖሊሱ ጣቴን አየ፣ ማሽኑን አየ፣ ሌላ ፖሊስ ጠራ። ሁለቱም ጎንበስ ብለው አውራ ጣቴን ሲመረምሩት በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጣቴ ተከብሮ አያውቅም። በኋላ አንደኛው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ አሳለፈኝ።

ኮሎምበስ ሙሉጌታ ቆሞ ጠበቀኝ። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፣ ሆዱም ወጣ ብሏል። «ጋሼ!» ብሎ ሲያቅፈኝ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እኔ ግን በትከሻው ላይ አሻግሬ የመኪናውን ትልቅነት እያየሁ ነበር። የሚኖረው ጋሃና የሚባል ሰፈር ነው፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አሥር ደቂቃ አይሞላም። አገሩ ሜዳ ነው። ደሴ ላይ ከጎረቤትህ ወይ በላይ ነህ ወይ በታች ነህ፣ ዝናብ ሲዘንብ የማን ጎርፍ ወደማን እንደሚወርድ ይታወቃል። እዚያ ሁሉም እኩል ተዘርግቷል።

ቤቱ ደጃፍ ስንደርስ ሙሉጌታ መኪና ውስጥ ሆኖ አንድ ነገር ነካ፤ የጋራዡ በር ራሱ ከፍ አለ። ፊልም ከማጠቢያው ሳይወጣ ብርሃን የሚያበራበት የነበረ፣ በወር ሁለት ጥቅል የሚያቃጥልብኝ ሙሉጌታ፣ በር ራሱ ይከፈትለታል። ቀናሁ። ሳሩን አይቼ ቀናሁ፣ ምድር ቤቱን አሳዩኝ ቀናሁ። ሃምሳው ስላልወጣ በዕለተ ረቡዕ ጥሩወርቅ ጥብስ አቀረበች። እንጀራው ከሱቅ ነው ብላ አሥር ጊዜ ይቅርታ ጠየቀችኝ።

በመካከል ባሏ ላይ ጮኸች። «ሙሌ! ጫማህን ጋራዥ አውልቅ አላልኩህም? ካርፔቱን ክሊን ያደረግኩት ዛሬ ነው እኮ!» ሙሉጌታ እየሳቀ ተነስቶ ሄደ። ያን ጊዜ የቀናሁትን ያህል በቤቱም በመኪናውም አልቀናሁም። ሰባት ዓመት ሙሉ በጫማዬ የጮኸብኝ ሰው የለም።

ሐሙስ

ሙሉጌታ ሳይነጋ ወደ ዌርሃውስ ሥራው ሄዷል። ጥሩወርቅም ሆስፒታል ጽዳት ነው የምትሠራው፣ ወጥታለች። ብቻዬን ስሆን እግሬን ላፍታታ ብዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ አንድ ሰው የለም፤ ሁለት መኪና ቆመው ችግር ደርሶብኝ እንደሆነ ጠየቁኝ፣ እዚያ ሰፈር የሚሄድ ሰው ካዩ የጠፋ ነው የሚመስላቸው። ትንሽ ቆይቼ እውነትም ጠፋሁ። ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። የሙሉጌታ ነው ያልኩትን በር ብገፋ አልከፈት አለኝ፣ ብታገለው አንድ ነጭ ሽማግሌ ከፈቱ። እኔ ካሜራ አንገቴ ላይ፣ እሳቸው የጥርስ ብሩሽ እጃቸው ላይ፣ ተያየን። «ሙሉ?» አሉኝ። «ሙሉ» አልኩ። ክንዴን ይዘው ሦስት ቤት አሻግረው በሩ ድረስ አደረሱኝ። የሙሉጌታን ስም ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል ብዬ በዚህም ቀናሁ።

ከሰዓት በኋላ ሙሉጌታ ገብቶ ሁለት ጉልበቱ ላይ የበረዶ ከረጢት አድርጎ ተቀመጠ። «ዕቃ ማንሳቱ ነው ጋሼ። ሪታየር እስካደርግ ጉልበቴ ከቆየልኝ ጥሩ» አለ። ማዘን ነበረብኝ። እኔ ግን በዚያው ሰዓት የሶፋውን ልስላሴ በእጄ እየዳበስኩ ነበር።

ዓርብ

ማህሌት መጣች። ረጅም፣ መነጽር ያደረገች፣ ስትስቅ አባቷን የምትመስል ልጅ ናት። አማርኛውን ትሰማለች፣ ስትመልስ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። ምሳ በልተን ስንጨርስ ድፍረቴን ሰብስቤ፣ ሙሉጌታ ወደ ጓሮ እስኪወጣ ጠብቄ ፍላሽዋን ከኪሴ አወጣሁ።

«ልጄ፣ ይህን ፎቶ መመለስ ይቻላል?»

ላፕቶፕዋ ላይ ከፍታ አሰፋችው። «ጋሼ፣ ይኼ ስንት ጊዜ ፎርዋርድ ተደርጓል?»

«እኔ እንጃ። ለቀብር፣ ለአርባ፣ ለሙት ዓመት...»

«ኦ ማይ ጋድ» አለችና አፏን በእጇ ያዘች። ወዲያው ግን አፍራ «አይም ሶሪ ጋሼ፣ ቁጭ በል፣ ላሳይህ» ብላ ባለ አራት ማዕዘን መስመር ወረቀት አመጣች።

እሷ ያሳየችኝን እንደገባኝ ልጻፈው። ኮምፒዩተር ውስጥ ፎቶ ማለት የቁጥር ሰሌዳ ነው፤ እያንዳንዷ ነጥብ ቁጥር አላት፣ ደማቁ ትልቅ ቁጥር፣ ጨለማው ትንሽ ቁጥር። ሰሌዳውን ለማሳነስ አንደኛው ዘዴ ድግግሞሽን መቁጠር ነው። ወረቀቱ ላይ ጃንጥላ አጠቆረችና እኔን ሳሎን ትታ ባዶ ወረቀት ይዛ ኩሽና ገባች። «አንብብልኝ!» አለች። «ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ...» ስል «ኖ ጋሼ፣ ቁጠረው!» አለችኝ። «ነጭ ሰባት፣ ጥቁር አንድ፣ ነጭ ሰባት» አልኩ። «ኔክስት!» እያለች መስመር በመስመር ነገርኳት። ስትመለስ ጃንጥላው አንዲት ነጥብ ሳትጎድል ወረቀቷ ላይ ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት በዚህ ሙያ ኖሬ ይህን ያስተማረኝ አልነበረም። የሙሉጌታ ልጅ ማወቋ ትንሽ ከነከነኝ።

«ይኼኛው ምንም ሳይጎድል ይመለሳል። ግን የሰው ፊት እንደ ጃንጥላ አይደለም፣ ነጥቦቹ ሁሉ ትንሽ ትንሽ ይለያያሉ» አለችና ሁለት ቁጥር ጻፈች፤ አሥርና ስምንት። «ሁለቱን በአንድ ቁጥር ተካቸው።»

«ዘጠኝ።»

«ከዘጠኝ ምን ያህል ራቁ?»

«በአንድ።»

«ዘጠኝንና አንድን ካስቀመጥክ፣ ስትደምር አሥር፣ ስትቀንስ ስምንት። ኤቭሪቲንግ ተመለሰ። ግን ስፔስ ለመቆጠብ አንዷን ብትጥላትስ?»

«ዘጠኝና ዘጠኝ።»

«ኤግዛክትሊ። ትንንሽ ልዩነት ዓይን ስለማያይ ይጣላል። ሰማይ ላይ፣ ግድግዳ ላይ ችግር የለውም። ፎርዋርድ ባደረጉት ቁጥር ግን እንደገና ያንሳል፣ እንደገና ይጣላል።» ጣቷን የስንቅነሽ አፍ ላይ አደረገች። ጥርሷ ያለበት ቦታ አንድ ወጥ ነጭ ሆኗል። «እዚህ ምን ነበር?»

«ፍንጭት» አልኩ።

«ቀጭን ጨለማ ነበረች ማለት ነው። ፎቶው ሲያንስ ከነጩ ጋር አብራ አቭሬጅ ሆነች። አሁን ዘጠኝ ብቻ ነው ያለን። ከአሥርና ስምንት ይምጣ፣ ከአሥራ አንድና ሰባት ይምጣ አናውቅም። ኮምፒዩተሩ ጌስ ማድረግ ይችላል።»

«ይገምታ!» አልኳት። ሌላ ምን አማራጭ አለኝ?

ጥቂት ደቂቃ ፈጀ። አራት ማዕዘኖቹ እየጠፉ ፊት መጣ። ሽፋሽፍቷ አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ የነጠላዋ ጥለት ክሩ ይታያል። ጥርሷ ግን እንደ በቆሎ ፍሬ የተደረደረ፣ እርስ በርሱ የተጋጠመ ነው። ፍንጭት የለም። ፍንጭቷ ሲጠፋ ጉንጯም፣ ሳቋም የሌላ ሰው ሆነ። ደስ የምትል፣ ቆንጆ፣ የማላውቃት ሴት እያየችኝ ነው።

«ይቺ ስንቅነሽ አይደለችም።»

ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም። ሙሉጌታ ከጓሮ ገብቶ ከኋላችን ቆሞ ኖሯል። ሚስቴ አለመሆኗን ከእኔ ቀድሞ ተናገረ። ልቤ እንደዚያ ተሰብሮ እንኳ በመቅደሙ ቀናሁ። «ደክሞኛል» ብዬ ወደተሰጠኝ ክፍል ገባሁ። ጥሩወርቅ እራት ስትጠራኝ አልራበኝም አልኩ፤ ትንሽ ቆይታ በትሪ ይዛልኝ መጥታ ምንም ሳትጠይቀኝ በሩ አጠገብ አስቀምጣልኝ ሄደች።

ቅዳሜ

ሙሉጌታ ኦፍ ስለነበር ለምርቃቱ የታዘዘውን ኬክ ልናመጣ ወደ ክሊንተንቪል ሄድን። ያ ሰፈር ደስ ይላል፤ ቤቶቹ ያረጁ ናቸው፣ በረንዳ አላቸው፣ ዛፎቹ መንገዱን ሸፍነውታል። እዚያ እንኳ በእግሩ የሚሄድ ሰው አየሁ። እኔ ግን ዛፍ የማይበት ልብ አልነበረኝም። ሌሊቱን ያደረ ነገር አፌ ላይ መጣ።

«ሙሉጌታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ቀን ምን ብለሃት ነው የሳቀችው?»

ሙሉጌታ የምንታጠፍበትን መንገድ አለፈው። «ሚስ አደረግኩት» አለና ዞሮ ለመምጣት ረጅም መንገድ ነዳ። ፊቱ ቀልቷል። «አላስታውስም ጋሼ» አለ በመጨረሻ። ሰው ሲዋሽ ፊቱ ላይ ብርሃኑ እንዴት እንደሚለወጥ የማውቅ ሰው ነኝ፤ ሥራዬ ነው። ዋሽቶኛል። ኬኩን ጭኔ ላይ ይዤ እስከ ጋሃና ድረስ ፊቱን በጎን እያየሁ ተመለስኩ። ሃያ ስንት ዓመት ቅናት ነው ያልኩት ነገር ያን ዕለት መኪና ውስጥ ጥርጣሬ ሆነ።

ማታ የካሜራዬን ባትሪ ሰካሁና፣ ከክፍሉ ስወጣ እንደ ቤቴ መብራቱን አጠፋሁ።

እሁድ

ጠዋት ካሜራውን ብከፍተው ሙት ነው። ለካስ እዚያ አገር አንዳንዱ ሶኬት ግድግዳው ላይ ካለው ማጥፊያ ጋር የተያያዘ ነው፤ መብራት አጠፋሁ ብዬ ባትሪዬንም አጥፍቼዋለሁ። መብራት ቆጥበን ባደግንበት እጅ፣ ለምርቃት ፎቶ ተብዬ ውቅያኖስ ተሻግሬ የመጣሁት ሰው ባዶ እጄን ቀረሁ። ማንም አልተቆጣኝም። ማህሌት ሳቀች፣ ጥሩወርቅ «እርስዎ ደህና ይሁኑልን እንጂ ስልክ ሞልቶ» አለችኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ምርቃቱ የኳስ ሜዳ ውስጥ ነው። ተመራቂው ከሩቅ ጤፍ ነው የሚያክለው፤ ማህሌት የቷ እንደሆነች ያወቅነው እሷው ስልክ ደውላ እጇን ስታወዛውዝ ነው። ሙሉጌታ ተነስቶ ባለ በሌለ ድምፁ እልል ሲል አጠገቡ የነበሩት ፈረንጆች አብረውት ጮኹ። እኔና ስንቅነሽ ልጅ አልወለድንም። ያን ሰዓት የቀናሁትን አልጽፈውም።

ቤት ስንመለስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ማህሌት ጋወኗን እንደለበሰች ጓሮ ቆመች፣ ሙሉጌታ ስልኩን አወጣ። ፀሐዩ ከጀርባዋ ስለሆነ ፊቷ ጠቆረ። በዚህ ጊዜ ልማዴ አነቃኝ። የኬኩን ካርቶን ነጭ ክዳን አንስቼ ከጎኗ ቆምኩና ብርሃኑን ወደ ፊቷ መለስኩላት። ፊቷ ወዲያው ፈካ። «ቶሎ በል!» አልኩት ሙሉጌታን፣ እንደ ድሮው። እሱም እንደ ድሮው ደንግጦ አነሳ።

ማህሌት ስልኩን ተቀብላ አየችው። «ዋው! ጋሼ፣ ግን እጅህ ገብቷል። ኢትስ ኦኬ፣ ክሮፕ አደርገዋለሁ።»

«አትቁረጪው!» አለ ሙሉጌታ። ጮክ ብሎ ስለነበር ጥሩወርቅ ከኩሽና ብቅ አለች።

ስልኩን ከልጁ ወስዶ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ እያነከሰ ወደ ምድር ቤት ወረደ። ሲመለስ ያረጀ የፎቶ ወረቀት ፖስታ ይዟል። የፎቶ ቤቴ ማኅተም አለበት።

«ጋሼ፣ የረዳት እጅ የታየበት ፎቶ ከዚህ ቤት አይወጣም ትል አልነበር?»

«እል ነበር።» ስንቱን ረዳት በዚህ ጉዳይ አስለቅሻለሁ።

«ያን ቀን ኬሚካል ልትገዛ አልሄድክም። የሄድከው በማግስቱ ነው። ያን ቀን ረዳቱ አንተ ነበርክ። አንዴ እንኳ አንተ ብርሃን የሚመልሰውን ነጭ ጨርቅ ያዝልኝና እኔ ላንሳ ብዬ ለምኜህ እሺ አልከኝ። እትዬ ስንቅነሽ አንተን ረዳት ሆነህ ስታይህ በሳቅ ሞተች። አነሳሁ። ሳጥበው እጅህ ገብቷል። ደነገጥኩና ጠርዙን ቆርጬ አተምኩት። አንተ አየኸውና ‹ጥሩ ነው› አልክ። ስድስት ዓመት አብሬህ ስሠራ ይህን ያልከኝ አንድ ቀን ነው። ኔጌቲቩን ብታይ ቃልህን ትመልሳለህ ብዬ ደበቅኩት፣ ስመጣም ይዤው መጣሁ።»

«ስታርፍ እንኳ?»

«ፎቶው ግድግዳህ ላይ አለ ብዬ ተጽናናሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ደበቅክ ብትለኝ ምን እላለሁ? አፈርኩ። ዓርብ ዕለት ላወጣው ነበር፣ ትላንትም መኪና ውስጥ ልነግርህ ነበር፤ ፈራሁህ ጋሼ። አሁንም እፈራሃለሁ።»

ፊልሙን ተቀብዬ ወደ ሰማዩ ያዝኩት። ኔጌቲቭ ማንበብ አልረሳሁም፤ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ነው። የስንቅነሽ ጥርስ ጠቁሮ፣ በመካከሉ ፍንጭቷ እንደ ቀጭን ብርሃን ይታያል። ዓይኗ ወደ ጎን ዘወር ብሏል። ዓይኗን ተከትዬ ወደ ጠርዙ ሄድኩ። አንድ እጅ ወጠር ያለ ጨርቅ ይዟል። አውራ ጣቱ አጭር ነው።

ጥሩወርቅ ወንበር አምጥታ ከኋላዬ አስቀመጠችልኝ። ማህሌት አንድ ታብሌት ነጭ ብርሃን ብቻ እንዲያሳይ አደረገችና ፊልሙን በላዩ ዘርግታ በስልኳ አነሳችው፣ ከዚያ ጥቁሩን ወደ ነጭ ገለበጠችው። «ጋሼ» አለች ቀስ ብላ፣ «የምታይህ አንተን ነው።»

እኔ ግን አላስታውሰውም። ያን ሰዓት ጨርቁን ይዤ የማየው ብርሃኑን ይሆናል፣ ጉንጯ ላይ በትክክል አረፈ አላረፈ እያልኩ። ያ ሳቅ ለእኔ ተሰጥቶኝ ሳላየው አልፏል። ሙሉጌታ አጠገቤ ተቀምጦ ጉልበቱን እያሸ አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ። ኬኩን የቆረስነው አመሻሽ ላይ ነው።

ሰኞ

ማህሌት ፎቶውን ሳታሳንስ ሁለት ፍላሽ ላይ አደረገችልኝ። «በሜሴጅ እንዳትልከው፣ ፕሮሚስ?» አለችኝ። ማልኩላት። ኔጌቲቩን ፓስፖርቴ ውስጥ አስገባሁ። ጥሩወርቅ ሻንጣዬን ለሰፈር ሰው በሚሆን ነገር ጠቅጥቃ ሞላችው፤ አልዘጋ ሲል ሙሉጌታ ተቀመጠበት፣ «ዚፑን ትሰብረዋለህ!» ብላ ጮኸችበት። ይህ ጩኸት ይናፍቀኛል ብዬ አሰብኩ።

አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ሙሉጌታ የማህሌትን ፎቶ በስልኩ አሳየኝ፣ የኬኩን ክዳንና እጄን የያዘውን። በደንብ አየሁት። ልጅቷ ብርሃን ሞልቷታል፣ ሳቋ ሙሉ ነው።

«ጥሩ ነው» አልኩት።

አንገቱን ደፍቶ ሻንጣዬን ጋሪው ላይ ሲያስተካክል ቆየ፣ ከኋላችን ያለው መኪና ጡሩንባ እስኪነፋ ድረስ።

ደሴ

በገባሁ በሦስተኛው ቀን ለሰይድ ፎቶውን ወሰድኩለት። ኮምፒዩተሩ ላይ ከፍቶ አሰፋው፣ አሁንም አሰፋው፣ አራት ማዕዘን አልመጣም። ፍንጭቷ መጣች። «ማሻአላህ፣ ይቺማ እትዬ ስንቅነሽ ናት» አለ። ከዚያ ወደ ጠርዙ ሄደ።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ እጅ ገብቷል። ልቁረጠው?»

«ተወው።»

«ድንጋዩ ላይ? የማን እጅ ነው?»

ግራ እጄን ኪሴ ከተትኩ።

«የምቀናበት ሰው ነው» አልኩት።